ልጄ ታይሮይድ ታማለች፤ ማትሪኳስ እንዴት ይሁን?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ጤና ይስጥልኝ። ልጄ 17 ዓመቷ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ከመስከረም ጀምሮ ጠባይዋ ተለወጠ። በደንብ ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። ሌሊት አትተኛም። በትንሹም በትልቁም ታለቅሳለች። ጎበዝ የነበረችው ልጅ ውጤቷ አሽቆለቆለ። አባቷም እኔም «ስልኩ ነው ያሰነፋት» እያልን ስንቆጣት ከረምን። አንገቷ አበጥ ሲል ሐኪም ቤት ወሰድናት። የታይሮይድ ሆርሞኗ በዝቷል፣ ግሬቭስ የሚባል በሽታ ነው አሉን። ሜቲማዞልና ፕሮፕራኖሎል ከጀመረች ሁለት ሳምንቷ ነው፤ ያን ያህል ለውጥ አላየሁም። ፈተናው ደግሞ ሐምሌ ላይ ነው። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ሆነብኝ። «መድኃኒቱ ያፈዛታል፣ እስክትፈተን አቁሚላት» ያሉኝም አሉ። ምን ላድርግ? (ከደሴ፣ መጋቢት)

መልስ፦ እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት። ዛሬ ማታ አባቷም ባለበት «ስንፍና አልነበረም፣ ታመሽ ነው፤ እኛ ነን ያላወቅነው» ይበሏት። ከማዝዘው መድኃኒት እኩል የምቆጥረው ነገር ነው። እንዲህ ያሉ ልጆች ወራት ሙሉ ሲወቀሱ ቆይተው፣ መጨረሻ ላይ እነሱም ሰነፍ ነን ብለው አምነው ይመጣሉ።

የሆነው ነገር ይህ ነው። ታይሮይድ አንገታችን ፊት ለፊት ያለች ዕጢ ናት። የምታመነጨው ሆርሞን ሰውነታችን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሠራ ይወስናል። በግሬቭስ ጊዜ የሰውነት መከላከያ ራሱ ተሳስቶ ዕጢዋን ያለማቋረጥ ይቀሰቅሳታል። ልብ ይሮጣል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ይበዛል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ሐሳብም አይረጋም፤ አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ ብታነበው አይያዝላትም። የአምናና የዘንድሮ ደብተሯን ጎን ለጎን አድርገው ይዩት። የእጅ ጽሑፏም ተለውጦ ሊያገኙት ይችላሉ።

እንቅርት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው የአዮዲን እጥረትን ነው። የልጅዎ ከዚያ ይለያል። ቤት የምትጠቀሙበት አዮዲን ያለው ጨው ይቀጥል፤ ተጨማሪ የአዮዲን እንክብል ወይም ጠብታ ግን በራሳችሁ አትስጧት፤ ሊያብስባት ይችላል።

ሁለት ሳምንት ሆኖ ለውጥ አለመታየቱ አያስደንግጥዎት። ሜቲማዞል የሚከለክለው አዲስ ሆርሞን እንዳይመረት ነው። ዕጢዋ ውስጥ ቀድሞ የተጠራቀመው እስኪያልቅ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል። እስከዚያው የልብ ምቱንና መንቀጥቀጡን የሚያበርደው ፕሮፕራኖሎል ነው። (አስም ካለባት ለሐኪሟ ዛሬውኑ ይንገሩ፤ ይህ መድኃኒት ለአስም ሕመምተኛ አይሆንም።) ስለዚህ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ሌላ ልጅ ልታዩ ትችላላችሁ። ለሐምሌ በቂ ጊዜ አለ።

መድኃኒቱን አቁሚላት የሚለውን ምክር እባክዎን አይስሙ። በድንገት ሲቋረጥ ሆርሞኑ መልሶ ይጨምራል። ከባሰም ትኩሳት፣ እጅግ የፈጠነ የልብ ምት፣ ማስመለስና መቃዠት ይዞ ይመጣል። ይህ ሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመም ነው፤ በሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ነው። «ያፈዛታል» የሚሉት ግን ከመሬት ተነሥተው አይደለም። መጠኑ ከሚያስፈልጋት በላይ ከሆነ ሆርሞኗ ከልክ በታች ይወርዳል። ያኔ እንቅልፍ ታበዛለች፣ ይበርዳታል፣ ትቀዘቅዛለች። መፍትሔው ደም ተመርምሮ መጠኑን ማስተካከል ነው። በመጀመሪያው ጊዜ በየ4 እስከ 6 ሳምንቱ ትመርመር። አንዱን ምርመራ ከፈተናው ሦስት ሳምንት ቀደም አድርገው ያስይዙ፤ የሚስተካከል ነገር ካለ ጊዜ ይገኛል። ለፀጉሯ ባዮቲን ያለበት ቪታሚን ትወስድ እንደሆነም ለሐኪሟ ይንገሩ። የምርመራውን ውጤት ያዛባል።

አሁን የምጽፈውን ግን ወረቀት ላይ ገልብጠው ግድግዳ ላይ ይለጥፉት። ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ቁስለት ከመጣ ሜቲማዞሉን ወዲያው ታቁም፤ በዚያው ቀን ነጭ የደም ሴሏ ይቆጠር። «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትደሩ። መድኃኒቱ አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን ክፉኛ ያወርዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት። ቁጥሩ ደህና ከሆነ ሐኪሟ መልሶ ያስጀምራታል። ዓይኗ ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንቷ ከጠቆረም እንዲሁ አቁማ ትምጣ። መድኃኒት ቤት «ሜቲማዞል አልቋል፣ ፒቲዩ ውሰዱ» ቢላችሁ ሐኪሟን ሳትጠይቁ አትቀይሩ። ፒቲዩ ሌላው የታይሮይድ ሆርሞን መቀነሻ መድኃኒት ነው፤ በልጆች ላይ ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ስለሚችል የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በ2010 እ.ኤ.አ. ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አውጥቶበታል።

ጥናቱን በተመለከተ፣ ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት ይቅር። አርባ ደቂቃ አንብባ ትረፍ፤ ማታ በጊዜ ትተኛ። ሆርሞኗ እስኪረጋጋ ቡና ይቀንስ፤ ኃይል ሰጪ የሚባሉት የታሸጉ መጠጦችም ይቅሩ። በፈተና ሰሞን ተማሪዎች ጫት እንደሚሞክሩ አውቃለሁ። ለማንም አልመክረውም፤ ለእሷ ግን ቀድሞውንም የሚሮጥ ልብ ላይ ጅራፍ መጨመር ነው። ሳይቆጡ፣ ምክንያቱን አስረድተው ይንገሯት። የስፖርት ክፍለ ጊዜም የልብ ምቷ እስኪስተካከል ይቆይላት።

ጸበል የምትወስዷት ከሆነ ትሂድ፤ እንክብሉም አብሮ ይሂድ። ጾሙንም ከንስሐ አባቷ ጋር ተነጋገሩበት። በዚህ ወቅት ክብደት መመለስ አለባት።

ትምህርት ቤቷ ይወቅ። የክፍል ኃላፊዋን በአካል ያግኙ፤ የሐኪም ማስረጃ ይዘው ይሂዱ። በክፍል ፈተና ላይ እጇ ቢንቀጠቀጥ ወይም ውኃ ልትጠጣ ብትፈልግ መምህሩ ምክንያቱን ያውቃል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ተማሪዎች ማትሪክን የሚፈተኑት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው፣ እዚያው እያደሩ ነው። ልጅዎም ከገባች መድኃኒቷ ከነማሸጊያው፣ ከማዘዣውና ከሐኪም ደብዳቤው ጋር ይሁን፤ በር ላይ ፍተሻ አለ። ለጥቂት ተጨማሪ ቀን የሚበቃም ትያዝ። ስልክ ስለማይገባ የሚያስታውሳት ደወል አይኖርም። ስለዚህ ከአሁኑ ሜቲማዞሉን ሁልጊዜ ከቁርስ ጋር መውሰድ ትልመድ። ብትረሳና በዚያው ቀን ብታስታውስ ትውሰደው፤ በማግስቱ ግን ደርባ አትውሰድ። አብራት የምታድር አንዲት ጓደኛዋ ሕመሟን ብታውቅ ደስ ይለኛል፤ ለማን እንደምትነግር ግን እሷ ትምረጥ።

ሰኔ ላይም ልቧ አሁንም የሚሮጥ፣ እንቅልፏም ያልተመለሰ ከሆነ፣ ትፈተን ወይስ ለከርሞ ትቆይ የሚለውን ከሐኪሟ ጋር ሦስታችሁ ሆናችሁ ወስኑ። ለከርሞ ይሁን ካላችሁ ውድቀት አድርገው አይቁጠሩት። እኔ ግን ከአሁኑ ፈተናውን አልሰርዝባትም። መድኃኒቷን በሰዓቱ ከወሰደች ለፈተናው መቀመጧ አይቀርም ብዬ አስባለሁ።

ሕክምናው በሐምሌ አያበቃም። በዚህ ዕድሜ ቢያንስ ሁለት ዓመት፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ ይወሰዳል። ዩኒቨርሲቲ ስትመደብ ምናልባት ሌላ ከተማ ይደርሳታል። ምደባው እንደታወቀ በዚያ ከተማ የሚከታተላት ሐኪም ይፈልጉ፤ የደም ምርመራ ውጤቶቿንም ኮፒ አድርገው ሻንጣዋ ውስጥ ያስቀምጡላት።