የተሰበረ እግር ዳነ የሚባለው መቼ ነው? ጥያቄና መልስ ከደብረ ብርሃን

ስለ አጥንት ስብራትና ስለ ኦፕራሲዮኑ ጠይቁኝ ካልኩ ወዲህ ጥያቄው ከሸዋ ሮቢትም፣ ከመንዝም፣ ከምንጃርም እየመጣ ነው። የምሠራው አጥንት ክፍል ነው። ታካሚዎች ከኦፕራሲዮን በኋላ ምን ላይ እንደደረሱ መከታተልና መመዝገብም የኔ ድርሻ ነው፤ ይህን ሥራ ከልቤ እወደዋለሁ። ጥናቶች ያገኙትንና እዚህ እኛ ጋ የምናየውን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ለግል ጉዳያችሁ ግን እግሩን በዓይኑ ያየው ሐኪም ይበልጣል።

ከሸዋ ሮቢት፦ ወንድሜ ከሞተር ወድቆ የቅልጥሙ አጥንት ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ጣርማ በርን ወጥተን ደብረ ብርሃን እስክንደርስ ሰዓቱ ነጎደ። ከአደጋው በኋላ ስድስት ሰዓት ካለፈ እግሩ አለቀለት የሚባለው እውነት ነው?

አላለቀለትም። የስድስት ሰዓቱ ነገር የመጣው ከሩቅ ነው። ፍሪድሪክ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም በ1898 እ.ኤ.አ. በጊኒ ፒጎች ላይ ሙከራ አደረገ። ቁስላቸውን በአፈርና በአቧራ በከለው፤ ከዚያ የተበከለውን ሥጋ ቆርጦ አወጣ። በስድስት ሰዓት ውስጥ የተቆረጠላቸው ዳኑ። ያኔ አንቲባዮቲክ የሚባል ነገር አልነበረም። ቁጥሩ ግን ከመቶ ዓመት በላይ እንደ ሕግ ሲነገር ኖረ።

በሰው ላይ የተደረጉ የኋላ ጥናቶች ሌላ ነገር አሳዩ። ቁስሉ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ የሚታጠብበት ሰዓት ትንሽ መዘግየቱ ብቻውን ያን ያህል ለውጥ አላመጣም። ለውጥ የሚያመጣው አንቲባዮቲኩ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት ክፍት ስብራት፣ ማለትም እንደ ወንድምህ ቆዳው የተቀደደበት ስብራት፣ ያለባቸውን ሰዎች ከፋፍሎ አየ። አንቲባዮቲክ ካላገኙት 13.9 በመቶው ቁስላቸው አመረቀዘ። ሴፋሎቲን የተባለውን አንቲባዮቲክ ካገኙት ግን 2.3 በመቶ ብቻ። ይህን ልዩነት ባየሁት ቁጥር ይገርመኛል። ዛሬ የሚመከረው መድኃኒቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ እንዲጀመር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምትሮጡት በቅርብ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይሁን። በደም ሥር አንቲባዮቲክ ይጀመርለት። የቴታነስ መርፌ ይወጋ። ቁስሉ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፤ እግሩ ከላይም ከታችም እንዳይንቀሳቀስ ይደገፍ። ከዚያ አምቡላንሱ ዳገቱን ይውጣ። የወጣውን አጥንት ወደ ውስጥ አትግፉ። ደም ለማቆም ብላችሁ ቡና አትነስንሱበት፤ አፈርም እንዲሁ። ደሙ ካላቆመ በጨርቅ ጫን አድርጋችሁ ያዙት።

ይህን ሁሉ ስል ግን ተረጋጉና ነገ ሂዱ ማለቴ አይደለም። በጣም የተበከለ ቁስል፣ ወይም ጣቶቹ ቀዝቅዘው የነጡ እግር አንድም ሰዓት አይሰጥም።

አንዲት ነርስ፦ ክፍት ስብራት በሳሙና ቢታጠብ አይሻልም? ውሃውስ በኃይል ቢረጭ?

በ2015 እ.ኤ.አ. በብዙ አገሮች በሚገኙ 41 ሆስፒታሎች ከ2,400 በላይ ሰዎች ላይ የተጠናቀቀ ጥናት አለ። የውሃው ግፊት ከፍ ማለቱም ዝቅ ማለቱም ለውጥ አላመጣም። በሳሙና ከታጠቡት 14.8 በመቶው በዓመት ውስጥ እንደገና ኦፕራሲዮን ሆኑ፤ በጨው ውሃ ከታጠቡት 11.6 በመቶ። ይህ ለእኛ ትልቅ የምሥራች ነው። ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ብዙ ንጹሕ የጨው ውሃና ታጋሽ እጅ ይበቃል።

ከመሐል ሜዳ፦ አባታችን ከወጌሻ ሌላ አልታከምም ብለዋል። ምን እናድርግ?

አባታችሁን አትጣሏቸው። ወጌሻ በአካባቢያችን የታመነበት ምክንያት አለው። ቅርብ ነው፣ ዋጋው ይቻላል፣ ሰውን በአክብሮት ያያል። ወለምታና ቀላል ስብራት እጁ ላይ ድኖ ያየ ሰው ብዙ ነው። እኔም ወጌሻን በማንቋሸሽ አንድ እግር ይድናል ብዬ አላምንም።

አደጋው ያለው ማሰሪያው ላይ ነው። የተሰበረ እጅ ወይም እግር በመጀመሪያዎቹ ቀናት ያብጣል። ቀርቀሃው ዙሪያውን ጠብቆ ከታሰረ እብጠቱ መሄጃ ያጣል። ውስጥ ያለው ግፊት ይጨምርና ደም ወደ ጡንቻው መድረስ ያቆማል። ጡንቻ ያለ ደም ከስድስት ሰዓት ያህል በላይ ከቆየ መሞት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የተኮማተረ እጅ ወይም መቆረጥ ነው። ከኢትዮጵያ ሆስፒታሎች የወጡ ጥናቶች ይህን ደጋግመው ጽፈዋል። በጣም የሚያሳዝነው ከተጎጂዎቹ ብዙዎቹ ልጆች መሆናቸው ነው። ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ክርኑ አጠገብ የተሰበረ ልጅ፣ በጊዜው ቢታይ ድኖ የሚጫወት ልጅ፣ እጁን ያጣል።

ስለዚህ ማንም ይሰረው፣ ወጌሻም ይሁን ጀሶ ያደረገለት ባለሙያ፣ ጣቶቹን እዩ። ሕመሙ ከታሰረ በኋላ ከባሰ፣ ጣቶቹን ቀና ሲያደርጉለት ከጮኸ፣ ከደነዘዘው፣ ጣቶቹ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ማላላት አይበቃም። ማሰሪያው እስከ ሥጋው ድረስ ይፈታ፤ ጀሶ ከሆነም ከላይ እስከ ታች ይቀደድ። እዚያው በሌሊት ወደ ሕክምና ሂዱ። ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ሲያለቅስ "ስብራት ነው፣ ያማል" ብሎ ማስተኛት ከሁሉ የከፋው ነገር ነው።

ለአባታችሁ ደግሞ እንዲህ በሏቸው፦ ራጁን እናንሳ፣ ከዚያ ይወስናሉ። ወጌሻውንም አብራችሁ አምጡት። ራጁን አይቶ "ይኼስ ከእኔ በላይ ነው" የሚል ወጌሻ ብዙ ሰው ያድናል።

ከእነዋሪ፦ እናቴ በረንዳ ላይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሰባ አምስት አልፈዋል። በዚህ ዕድሜ ኦፕራሲዮን አይገድላቸውም?

እማማን የበለጠ የሚያሰጋቸው መተኛቱ ነው። ዳሌው ተሰብሮ አልጋ የያዘ ሽማግሌ ጀርባው ይቆስላል፣ ሳንባው ይታመማል፣ እግሩ ውስጥ ደም ይረጋል። በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት በ17 አገሮች 2,970 ሰዎችን ተከታትሏል። ግማሾቹ ስብራቱ በታወቀ በ6 ሰዓት ገደማ፣ ግማሾቹ በ24 ሰዓት ገደማ ኦፕራሲዮን ሆኑ። በሞት በኩል ልዩነቱ ትንሽ ነው፤ 9 እና 10 በመቶ፤ ጥናቱም ይህን እንደ ልዩነት አልቆጠረውም። ቶሎ የተሠራላቸው ግን ቶሎ ቆሙ፣ የመቃዠትና የመደናገር ችግር ቀነሰላቸው፣ ቶሎ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚህ ለእናንተ የምወስደው ይህን ነው። በሰዓታት መዘግየት አትሸበሩ። ለሳምንታት አልጋ ላይ መተው ግን ሌላ ነገር ነው፤ እሱን ፍሩ። ልባቸውና ስኳራቸው ይታይ፤ ሐኪሙ ይቻላል ካለ ይሠራላቸው፤ በማግስቱም ተደግፈው ይቀመጡ።

ከአረርቲ፦ ቅልጥሜ ከተሰበረ አምስት ወር ሆነኝ። ብረት ገብቶልኛል፤ አሁንም አልገጠመም ተባልኩ። አብሽና የአጥንት ሾርባ እየጠጣሁ ነው። ሲጋራ አጨሳለሁ።

ወንድሜ፣ ሲጋራውን ዛሬ ተወው። ካጠፋህልኝ ሌላውን መልስ ባታነበው እንኳ ግድ የለኝም። ማጨስ የአጥንትን መግጠም እንደሚያዘገይ በብዙ ጥናት የታየ ነገር ነው፤ በቅልጥም ላይ ደግሞ በተለይ። የቅልጥም ፊት ለፊት ቆዳ ብቻ ነው፤ ጡንቻ ስለሌለው ደሙም ትንሽ ነው።

አምስት ወር ገና ተስፋ የሚቆረጥበት አይደለም። በተለምዶ "አልገጠመም" የሚባለው ዘጠኝ ወር ሞልቶት፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ራጁ ላይ ምንም ለውጥ ሳይታይ ሲቀር ነው። እስከዚያ ድረስ አንድ ጥያቄ ሐኪምህን ጠይቅ፦ ውስጡ መግል የለም ወይ? የተደበቀ ኢንፌክሽን ካለ አጥንቱ አይገጥምም። ቁስሉ የሚያዣ ከሆነ፣ ማታ ማታ የሚያተኩስህ ከሆነ፣ ሳትደብቅ ንገረው። እግርህ ላይ ምን ያህል መርገጥ እንደተፈቀደልህም ጠይቅ። ብዙ ሰው ፈርቶ ምርኩዙን አይለቅም፤ መርገጥ ግን በብዙ ስብራት አጥንቱን ይረዳዋል።

አብሹም ሾርባውም አይጎዳህም፤ ቀጥል። እንቁላል፣ ወተት፣ ምስርና ሽሮ ጨምርበት። ጾም ከሆነ የነፍስ አባትህን አማክር፤ ለታመመ ሰው መፍትሔ አያጡለትም።

ከደብረ ብርሃን፦ ጭኔ ውስጥ ያለው ብረት በብርድ ያመኛል። መውጣት አለበት?

ካልረበሸ አይወጣም፤ ብዙ ሰው ዕድሜውን ሙሉ ይኖርበታል። በብርድ ያመኛል የሚሉ ብዙ ናቸው፤ በእኛ ከተማ ብርድ ደግሞ አይገርምም። ሙቅ ልበስ፣ ተንቀሳቀስ። ቦታው ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ፈሳሽ ካለው ግን ብርድ ነው ብለህ አትለፈው።

የጤና ሳይንስ ተማሪ፦ የመመረቂያ ጥናቴን በስብራት ኦፕራሲዮን ውጤት ላይ ልሠራ አስቤያለሁ። ምን ልለካ?

እንዴት ደስ የሚል ጥያቄ ነው! አንደኛ፣ "ውጤት" ያልከውን ከመጀመርህ በፊት በግልጽ ጻፈው። ኢንፌክሽን ስትል ቆዳ ላይ ያለውን ነው ወይስ አጥንት የደረሰውን? ገጠመ ስትል በራጅ ነው ወይስ ሳያመው በመራመዱ? አንዱ መርማሪ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ካለ መረጃው ዋጋ የለውም።

ሁለተኛ፣ ሰውየውን ዓመት ጠብቀው። በዳሬሰላም የተደረገውንና በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣውን ጥናት ተመልከት። ክፍት የቅልጥም ስብራት ያለባቸውን ከ200 በላይ ሰዎች ወስዶ ከውስጥ የሚገባ ብረትን ከውጭ ከሚታሰር ብረት ጋር አወዳደረ። በዓመቱ የሞቱት ወይም ድጋሚ ኦፕራሲዮን የሆኑት እንደ ቅደም ተከተላቸው 18 እና 22 በመቶ ያህል ነበሩ፤ ይህን ያህል የሚለያይ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግን የውስጥ ብረት የገባላቸው ኑሯቸው ቀለል ብሎላቸው ነበር። ጥናቱን የምወደው እንደ እኛ ባለ አገር ተሠርቶ ከአሥር ዘጠኙን ታካሚ እስከ መጨረሻው ስለተከታተለ ነው።

የእኛ አገር ጥናቶች ትልቁ ቀዳዳ እዚህ ላይ ነው። ታካሚው ወደ ጌራ ወይም ወደ አንኮበር ገጠር ይገባል፤ አይመለስም። አጥኚው የተመለሱትን ብቻ ቆጥሮ "90 በመቶ ዳኑ" ይላል። ያልመጣው ግን ድኖ ነው? መግል ይዞት ወጌሻ ጋ ሄዶ ነው? ሞቶ ነው? አናውቅም። ያልመጡትን ቁጥር ሳትደብቅ ጻፍ። ታካሚው ሲወጣ የራሱን ብቻ ሳይሆን የጎረቤትና የዘመድ ስልክ ያዝ። የቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ማን እንደሆነችም ጠይቅ።

ሦስተኛ፣ ቀላል መለኪያ አትናቅ። ሳይን የተባለው ድርጅት በ1999 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት በዶክተር ሉዊስ ዘርክል ተቋቋመ። ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ የራጅ ማሽን ሳይኖር የሚገባ ብረት ለሆስፒታሎች በነጻ ይልካል፤ ሐኪሞቹ በምላሹ የእያንዳንዱን ታካሚ ራጅና ውጤት የድርጅቱ መዝገብ ላይ ያስገባሉ። ከመለኪያዎቹ አንዱ ፎቶ ነው። ታካሚው ቁጢጥ ብሎ ፈገግ ይላል። ጉልበቱና ዳሌው ካልታጠፈ፣ አጥንቱ ካልጠነከረ ቁጢጥ ማለት አይችልም፤ ካመመው ፈገግታው አይመጣም። ለእኛ ገበሬ ከዚህ የተሻለ መለኪያ አላውቅም። ስንዴ የሚያጭደው፣ ሽንት ቤት የሚቀመጠው በዚሁ እግር ነው። ራጁ አምሮ ቁጢጥ የማይል ሰው አልዳነም።

ከሞላሌ፦ ኦፕራሲዮን ከሆንኩ ሦስት ወር ሆነኝ፤ ምንም አያመኝም። ለቀጠሮ ደብረ ብርሃን መመላለሱ ደግሞ ገንዘብ ነው። ልቅር?

ገንዘቡ ከባድ መሆኑ ይገባኛል። ቢሆንም አትቅር። ብረት ላይ የሚሸሸግ ኢንፌክሽን ወራት ቆይቶ ሊነሳ ይችላል፤ ብሎን ሲላላም መጀመሪያ የሚያየው ራጅ ነው። ቀጠሮውን ከገበያ ወይም ከሌላ ጉዳይህ ቀን ጋር አገጣጥሙልኝ ብለህ ደውለህ ጠይቅ። ስትመጣ የመውጫ ወረቀትህንና የድሮውን ራጅ ይዘህ ና፤ ካለፈው ጋር ሳይተያይ አዲሱ ራጅ ግማሽ ነገር ነው የሚናገረው። ቁጢጥ ብለህም እናይሃለን።