ይቅር ብዬስ ለምን እንቀጠቀጣለሁ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በልጅነቴ ክፉኛ ይደበድበኝ የነበረውን ዘመዴን ይቅር ካልኩት ቆየሁ። ዛሬም ግን ድምፁን ስሰማ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ሌሊትም ያቃዠኛል። ይቅርታዬ ውሸት ነበር ማለት ነው? መቁረብ ፈራሁ።

መልስ፦ እኅቴ፣ ውሸት አልነበረም። ስለ ጾሙና ጸሎቱ አልነግርሽም፣ ታውቂዋለሽ። “ከልቡ ይቅር ያለ ሰው ይረሳል” የምትለዋ አባባል ግን ስንቱን እንዳሰቃየች አይቻለሁ። ከየት እንደመጣች እንጃ፤ ከመጽሐፍ ግን አይደለም።

ዮሴፍን እዪው። በ17 ዓመቱ ነው ወንድሞቹ ጉድጓድ ጥለው የሸጡት። ግብፅ ተሹሞ፣ ትዳር ይዞ፣ የበኩር ልጁን ምናሴ አለው፤ “እግዚአብሔር መከራዬን ሁሉ አስረሳኝ” ሲል (ዘፍ. 41፥51)። በቃ ረሳው ትያለሽ። ከዓመታት በኋላ ወንድሞቹ እህል ሊሸምቱ መጥተው ፊቱ ቆሙ፤ በአስተርጓሚ ስለሚያናግራቸው አይሰማንም ብለው፣ ያን ቀን እንዴት ሲለምናቸው እንደነበር በገዛ ቋንቋው ሲያወሩ ሰማ። ዘወር ብሎ አለቀሰ። ከ20 ዓመት በላይ አልፎ! ከታረቃቸው 17 ዓመት ቆይቶ፣ አባታቸው ሲሞት “ይበቀለን ይሆናል” ብለው ሲልኩበትም እንደገና አለቀሰ። ይቅርታው ፈረሰ እንዴ?

ይቅርታ የፈቃድ ነገር ነው፤ በቀሉን ለእግዚአብሔር መተው። መንቀጥቀጡ ግን ሳትፈቅጂ የሚመጣ ነው። ያኔ ያ ድምፅ ዱላ ይዞ ይመጣ ነበር፣ ሰውነትሽም ይህን ተምሮ ቀረ፤ አሁንም አደጋው ማለፉን ሳያጣራ ልብሽን ያስሮጠዋል። ያልፈቀድሽው ነገር ኃጢአት አይሆንብሽም። ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸውና ቅረቢ።

“ይቅር ካልሽው አብረሽው ተቀመጪ” የሚልሽን ደግሞ አትስሚ። ዮሴፍ እንኳ ወንድሞቹን ሳይፈትን አልተገለጠላቸውም። ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ መሄድንም እንደ እምነት ማነስ አትዪው፤ ሲራክ ምዕራፍ 38 ሐኪምንም እግዚአብሔር ፈጥሮታልና አክብረው ይላል።

ጨርሶ ይለቅሻል ብዬ ቃል አልገባልሽም። እየቀለለ ሊሄድ ይችላል። ሌሊት ቃዥተሽ ስትነሺ ረጅም ጸሎት ካልደገምኩ ብለሽ አትጨነቂ። እግርሽን መሬት አስነኪ፣ መብራት አብሪ፣ የት እንዳለሽ እዪ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ እየተነፈስሽ “አቤቱ ማረኝ” በዪ። ለዚያ ሌሊት ይበቃል።