ጫፉ የሚቃጠለው ሽንኩርትና የሌሊቱ ውሃ

ጥያቄ፦ «በቃሉ ወረዳ ከኮምቦልቻ በታች፣ ከቦርከና ወንዝ በሞተር እየሳብኩ ሽንኩርት አለማለሁ። ከጥር ወዲህ የቅጠሉ ጫፍ እየነጣ ይቃጠላል፤ ኮረቱም አላድግ ብሏል። ዩሪያ ደጋግሜ ጨመርኩ፣ ማንኮዜብ የሚባለውን ፀረ ፈንገስም ረጨሁ፣ ለውጥ የለም። በዚያው ውሃ የሚጠጣው የጎረቤቴ የመኖ ማሽላ ግን ደህና ነው። የውሃ ተራዬ ሌሊት ነው፤ ጠዋት ስሄድ የቦዩ ዳር ላይ ነጭ ነገር ደርቆ አገኛለሁ። ምን መድኃኒት ልርጭ?»

መልስ፦ ወንድማችን፣ የጠየቁት ስለ መድኃኒት ቢሆንም ደብዳቤዎ የሚናገረው ስለ ውሃ ነው። ሐምራዊ ነጠብጣብ የሚባለው በሽታ ቢሆን ኖሮ ቅጠሉ ላይ ቀለበት ያለው ቁስል ይታይ ነበር፤ ትሪፕስ የሚባለው ጥቃቅን ተባይም ቢሆን ቅጠሉ በብርማ ጭረት ይዥጎረጎር ነበር። ከጫፍ ተነሥቶ ወደ ታች የሚወርድ ቃጠሎ፣ የቦዩ ነጭ ቅርፊትና የማሽላው ደኅንነት አንድ ላይ ሲታዩ ጥርጣሬዬ ጨው ላይ ያርፋል። ሽንኩርት ጨው ከማይችሉት ሰብሎች አንዱ ሲሆን፣ የአፈሩ የጨው መጠን 1.2 ዴሲሲመንስ በሜትር (የጨው መለኪያ ነው) ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፤ ማሽላ ግን እስከ 6.8 ድረስ ይታገሣል። አንዱ ማሳ ታሞ ሌላው ደህና የሆነው ስለዚህ ይመስለኛል።

ጨው ከየት መጣ ቢሉ፣ ከእርስዎ በላይ ባለው ከተማ የጨርቃ ጨርቅ፣ የቆዳና የቢራ ፋብሪካዎች እንዳሉ ያውቃሉ። ቆዳ እንዳይበላሽ የሚነሰነስበት ጨው በመጀመሪያው እጥበት ወደ ውሃ ይገባል፤ ጨርቅ ሲቀለምም ጨውና ኮስቲክ ሶዳ ይገባበታል። ማጣሪያ ገንዳ ያለው ፋብሪካ እንኳ ሽታውንና ብስባሹን ይቀንሳል እንጂ የሟሟውን ጨው በተለመደው መንገድ አያወጣም። በክረምት ጎርፉ ስለሚያቀጥነው አይታወቅም፤ በጥርና በየካቲት ግን ወንዙ ሲመነምን ያው ፍሳሽ ወፍሮ ይመጣል። በእኔ እምነት ቁጥጥሩም የሚላላው እዚህ ላይ ነው፤ ፍሳሹ ከፋብሪካው ቱቦ ሲወጣ ደረጃውን ያሟላ እንደሆነ ብቻ መመርመር በበጋ ወንዙ ውስጥ ምን ያህል ውሃ እንደቀረ አይነግረንም።

አሁን ያለ ብዙ ወጪ ሊያደርጉት የሚችሉት ሞተሩን ከማስነሣትዎ በፊት ውሃውን መመርመር ነው። ከእርስዎ የሚጠበቀው ባዶ ሃይላንድና ጠቆር ያለ የብረት ምጣድ ወይም ክዳን ብቻ ነው። ሃይላንዱን ከወንዙ መሐል ሞልተው በባትሪ ብርሃን ይዩት፤ ቀለም ካለው፣ ሲያናውጡት አረፋው ቶሎ ካልጠፋ፣ ወይም የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ከሆነ በዚያ ሌሊት ሞተሩን አያስነሡ። ነገር ግን ጨው ያለበት ውሃ ኩልል ብሎም ሊታይ ስለሚችል ዓይንዎን ብቻ አይመኑ። አንድ ሲኒ የወንዝ ውሃ በምጣዱ በአንድ ወገን፣ አንድ ሲኒ የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውሃ በሌላው ወገን አፍስሰው ፀሐይ ላይ ያድርቁት። ከደረቀ በኋላ የወንዙ ውሃ የተወው ነጭ ቅሪት ከምንጩ ጎልቶ ከታየ ጥርጣሬያችን ተጠናከረ ማለት ነው። ይህንኑ ሌሊት በተቀዳ፣ ንጋት ላይ በተቀዳና ከሰዓት በኋላ በተቀዳ ውሃ ለአንድ ሳምንት ያህል ይድገሙት፤ በየትኛው ሰዓት የተቀዳው ውሃ እንደሚሻል ምጣዱ ራሱ ያሳይዎታል። ልዩነት ካገኙ ምጣዱን ይዘው የውሃ ተራ የሚያከፋፍለው የውሃ አባት ዘንድ ይሂዱና ተራዎ ወደዚያ ሰዓት እንዲዛወር ይጠይቁ፤ የመኖ ማሽላ ያለው ጎረቤትዎ የሌሊቱን ተራ ቢወስድ ከእርስዎ ያነሰ ነው የሚጎዳው። የሞከሩበትን ዕቃ ግን ለምግብ አይመልሱት።

የተሻለውን ሰዓት ካገኙ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ውሃዎች ከወትሮው በዛ አድርገው ያጠጡ፤ የተከማቸው ጨው ከሥሩ በታች የሚወርደው እንዲህ ነው፣ ማሳው ውሃ የማያቁር ከሆነ። በሚቀጥለው ዙር ደግሞ ችግኙን በመደቡ አናት ላይ ሳይሆን በትከሻው ላይ፣ ውሃው ከሚደርስበት መስመር አጠገብ ይትከሉት፤ እርጥበት ወደ አናቱ እየሳበ ሲተን ጨዉን እዚያው ስለሚተው አናቱ የከፋ ቦታ ነው።

ዩሪያውን በተመለከተ ልቆጣዎት ነው፤ በእርስዎ ብቻም አይደለም፣ በየመስኖው ዳር የማየው ልማድ ነው። ቅጠል ነጣ ሲባል ዩሪያ፣ ዩሪያው አልሠራ ሲል ፀረ ፈንገስ፣ ከዚያም ሌላ ብድር። ዩሪያ ራሱ ጨው ነክ ተጽዕኖ ስላለው በጨው በተጎዳ ሥር ላይ ሲደርብበት ቃጠሎውን ያብሳል። ጥቁር ወይም ባለቀለም ውሃ «ማዳበሪያ አለው» እያሉ በደስታ የሚያጠጡም አሉ፤ ይህንም ይተዉት። ክሮሚየምን የመሰሉ ብረቶች በሃይላንድም በምጣድም ስለማይለዩ፣ በዚህ ውሃ ጥሬውን የሚበላ ሰላጣ አያልሙ፤ ያመረቱትንም ለገበያ ሲያወጡ በወንዙ አይጠቡ።

ተራ መቀየር ማሳዎን ያድን ይሆናል፣ ወንዙን ግን አያድንም። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ማንኛውም ሰው፣ በግሌ ተጎድቻለሁ ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በካይ ነው ባለው ላይ ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አቤቱታ እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም በውሳኔው ካልረኩ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላሉ። በየሃይላንዱ ላይ የቀዱበትን ቀን፣ ሰዓትና ቦታ ጽፈው ከለጠፉ የቤተ ሙከራ ምርመራን ባይተካም ተቆጣጣሪው በየትኛው ሰዓት መጥቶ ናሙና መውሰድ እንዳለበት ይጠቁማል፤ ቀን በሥራ ሰዓት ብቻ መጥቶ ከተመለሰ የሌሊቱን ውሃ አያገኘውም። አቤቱታውን ከሌሎች የመስኖ ተጠቃሚዎች ጋር ፈርማችሁ አስገቡ፤ የገባበትን ቀንና የመዝገብ ቁጥር በግልባጩ ላይ አስጽፈው ይያዙ፣ ቀኑን ለመቁጠር ያስፈልግዎታልና።