ጥያቄና መልስ፦ እምብዛም የማይገጥሙ የአኦርታ ቫልቭና የአኦርታ (ከልብ የሚወጣው ዋና የደም ሥር) እክሎች በኢኮ (በልብ አልትራሳውንድ)

ጥያቄ፦ የአኦርታ ቫልቩ ባለሦስት ቅጠል መሰለኝ፣ ሌላ ባለሙያ ግን ባለሁለት ነው አለኝ። በምን ልለየው?

መልስ፦ ምስሉን ያቆሙት ቫልቩ ተዘግቶ ሳለ ከሆነ፣ ሁለቱ ቅጠሎች የተጣበቁበት ስፌት እንደ ሦስተኛ መስመር ታይቶ ያሳስታል። በፓራስተርናል (ከደረት አጥንት ጎን) አጭር አክሲስ፣ ማለትም ቫልቩ በአግድም ተቆርጦ በሚታይበት እይታ፣ በሲስቶል (ልብ ሲኮማተር) ሲከፈት ይዩት። ክፍተቱ እንደ ዓሣ አፍ ሞላላ ከሆነ ባለሁለት ነው፤ ሦስት ማዕዘን ከሠራ ባለሦስት። በረጅም አክሲስ (በቁመት በሚታይበት) ቅጠሎቹ ሲከፈቱ እንደ ጉልላት መጉበጣቸው፣ መዝጊያ መስመራቸውም ከመሃል መራቁ ባለሁለት መሆኑን ያጠናክራል። በእኛ አገር ግን ሩማቲክ የልብ ሕመም ብዙ ነው፤ እሱም የቅጠሎቹን መገጣጠሚያዎች አጣብቆ ባለሁለት ያስመስላል፤ ብዙ ጊዜም በግራ የልብ ክፍሎች መካከል ያለውን ሚትራል ቫልቭ አብሮ ይጎዳል። ስለዚህ ሚትራል ቫልቩን ሳያዩ አይፍረዱ።

ጥያቄ፦ ባለአራት ቅጠልስ?

መልስ፦ እጅግ ብርቅ ነው። በአጭር አክሲስ ሲዘጋ መስቀለኛ መስመር ይሠራል፤ ብዙ ጊዜ የሚያስከትለውም መጥበብ ሳይሆን የደም መመለስ ነው። ምስሉ ካልጠራ በጉሮሮ በኩል የሚደረግ ኢኮ ይዘዙ።

ጥያቄ፦ በሲደብሊው ዶፕለር (በጨረሩ መንገድ ሁሉ ያለውን የደም ፍጥነት የሚለካው) 4 ሜትር በሰከንድ አገኘሁ፤ ቅጠሎቹ ግን ቀጭንና በደንብ የሚከፈቱ ናቸው።

መልስ፦ ቁጥሩ የ64 ሚሊሜትር ሜርኩሪ የግፊት ልዩነት ነው (4 × የፍጥነቱ ካሬ፦ 4 × 4²)፤ ቅጠሎቹ እንዲህ እየተከፈቱ ይህን ሊያመጡ አይችሉም። ሲደብሊው የፍጥነቱን ልክ ይነግርዎታል፣ ቦታውን ግን አይነግርዎትም። በአፒካል (ከልብ ጫፍ) ባለ5 ክፍል እይታ የፒደብሊውን (በአንድ ቦታ ብቻ ፍጥነት የሚለካውን ዶፕለር) ናሙና ከቬንትሪክሉ (ከታችኛው የልብ ክፍል) ወደ ቫልቩ በጥቂት ሚሊሜትር ያንሱ፤ የቀለም ዶፕለሩ የሚደፈርስበትንም ይከታተሉ። ከቫልቩ በታች ከፈጠነ ከቫልቭ ሥር ያለ ሽፋን ይፈልጉ። ሽፋኑ ስስ ነው፤ በፓራስተርናል ከጨረሩ ጋር ትይዩ ስለሚሆን ይሰወራል፣ በአፒካል ግን ጨረሩ ፊት ለፊት ስለሚመታው ይወጣል። የደም መመለስ ካለ በጽሑፍ ያስፍሩት፤ ፈጣኑ ፍሰት ቅጠሎቹን እየደበደበ ያበላሻቸዋል። ፍጥነቱ የጨመረው ከቫልቩ በላይ ከሆነ፣ በተለይ በሕፃን ላይ፣ ዊሊያምስ ሲንድረምን (አብሮ የሚወለድ የዘር እክል) ያስቡ።

ጥያቄ፦ ኮአርክቴሽን (የአኦርታ መጥበብ) ጠርጥሬ ግራዲየንቱ (የግፊት ልዩነቱ) ትንሽ ሆነብኝ። ልተወው?

መልስ፦ በፍጹም። አቋራጭ የደም ሥሮች ካደጉ ጥበቱ ከባድ ሆኖ ሳለ ግራዲየንቱ ይወርዳል። ከቁጥሩ ይልቅ በሱፕራስተርናል (ከደረት አጥንት በላይ) እይታ የሞገዱን ቅርጽ ይዩ፤ ፍሰቱ በዲያስቶልም (ልብ ሲላላ) ወደፊት ከቀጠለ ከባድ ነው። የሆድ አኦርታንም በፒደብሊው ይፈትሹ፤ እዚያ ሞገዱ ደካማና ዘገምተኛ ይሆናል። ከጥበቱ በፊት ያለው ፍጥነት ከፍ ካለ መቀነስ አለበት፦ 3 እና 1.5 ሜትር በሰከንድ ቢሆኑ የግፊት ልዩነቱ 4 × (3² − 1.5²) = 27 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው፣ 36 አይደለም። የቀኝ ክንድና የእግር የደም ግፊት ሳይለካ ሪፖርት አይጻፍ።

ጥያቄ፦ የአኦርታ ሥርን (ከቫልቩ ጋር የተያያዘውን መነሻውን) ስንለካ ቁጥራችን ይለያያል።

መልስ፦ በአዋቂ በዲያስቶል መጨረሻ፣ ከፊተኛ ጠርዝ እስከ ፊተኛ ጠርዝ (በሁለቱም ግድግዳ ለፕሮቡ፣ ማለትም ደረት ላይ ለሚያዘው መሣሪያ፣ የሚቀርበው ጠርዝ) ይለኩ። አንኑለሱ (ቅጠሎቹ የተያያዙበት ቀለበት) ብቻ በሲስቶል መሃል፣ ከውስጥ እስከ ውስጥ ነው። መስመሩ ካዘመመ ልኩ ይተልቃል። ባለሁለት ቅጠል ባለበት ፕሮቡን አንድ የጎድን አጥንት ክፍተት ከፍ ያድርጉ፤ መስፋቱ ብዙ ጊዜ ያለው ከሥሩ በላይ ነው።