ገብስማ ዶሮ ፈልገሽ ለተሳቀብሽ እህቴ

እህቴ፣ እናትሽ «ለፋሲካ ገብስማ ዶሮ ግዢ» ብላሽ፣ ሻጩ ደግሞ «ለጠንቋይ ነው እንዴ?» ብሎ እንደሳቀብሽ ጽፈሻል። ገብስማ ምን ዓይነት እንደሆነም ጠይቀሻል። አይፈረድብሽም። የከተማ ልጅ ይህን ቃል የሚሰማው ጠንቋይ አዘዘ ሲባል ብቻ ነው። እኔ ያደግሁት ጎጃም፣ ዶሮ ከሚያረቡ ሰዎች ቤት ነው። እዚያ ገብስማ መልክ ነው፣ በቃ።

1. ላባውን እዪ። ጥቁርና ነጩ ተቀላቅሎ ከሩቅ ግራጫ ከመሰለሽ ገብስማ ነው። ነጩ ነጠብጣብ እንደ ጅግራ ለየብቻው ጎልቶ ከታየሽ ዝግርማ ይባላል። ቀይና ነጭ የተደባለቀበት ወሰራ ነው። የበዓል ሰሞን ሻጭ ሦስቱንም «ገብስማ ነው፣ ውሰጂ» ይልሻል። እንዳትሰሚው። እናትሽ ገና በር ላይ ሳለሽ ትለየዋለች።

2. ቃሉ ለሰው ጸጉርም ያገለግላል። ሸበቶ ማለት ሽበት ያለበት ሁሉ ነው። ገብስማ ግን ጥቁሩ ሳያልቅ ነጩ የገባበት ነው፣ ልክ እንደ እኔ። ታዲያ አንድ መሥሪያ ቤት ቅጽ ስሞላ «የጸጉር ቀለም» ይላል። ገብስማ ብዬ ጻፍኩ። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ አየውና «አባባ፣ ዶሮ ነዎት እንዴ?» አለኝ። ሰልፈኛው በሙሉ ሳቀ። «ጥቁር ወይም ነጭ ይበሉና ይምጡ» ብሎ ወረቀቱን ወረወረልኝ። አባባ ማለቱ ራሱ አናደደኝ፣ ያን ያህል እንኳ አላረጀሁም! ጥቁር ብዬ ብጽፍ ፎቶዬ ያሳጣኛል፣ ነጭ ብል ውሸት ነው። ንቅንቅ አልልም አልኩ። ኃላፊዋ ጫጫታውን ሰምተው ወጡ። ጸጉሬን አዩ፣ ቅጹን አዩ፣ «ትክክል ነው፣ ተቀበለው» አሉት። ልጁ ማኅተሙን ሲመታ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ።

ምን ልል ነበር? አዎ፣ ዶሮው። ከመግዛትሽ በፊት ለእናትሽ ደውለሽ አውራ ይሁን ቄብ ጠይቂያት፣ ይህን ሳትነግርሽ ቀርታለች። ገብስማ ካጣሽ ቀይ ግዢ። ዋጋው ወደድ ይላል፣ ግን እናትሽ አትቆጣም። ጥቁር ይዘሽ እንዳትገቢ ብቻ።