ሄፓታይተስ ሲ የሚባለውን የጉበት ቫይረስ ሁለቴ ታክሜ ድኛለሁ፣ ስለ መድኃኒቱም ከዛ በኋላ ስላለው ኑሮም ጠይቁኝ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ያለሁት ቨርጂኒያ ነው። በ2009 (ሁሉም ዓመት በፈረንጅ ነው) በድሮው መርፌ ታክሜ አልተሳካም፣ በ2016 በኪኒን ታክሜ ድኛለሁ። ከዛ ወዲህ ክሊኒክ ውስጥ ለሀበሻ ታካሚ አስተረጉማለሁ፣ እና ብዙ ነገር አይቻለሁ። ሐኪም ግን አይደለሁም፣ መድኃኒት ጀምሩ አቁሙ አልልም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በሚቀጥለው ሳምንት ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር ያለበትን ኪኒን ልትጀምር ነው። ፀጉር ይጨርሳል፣ ጭንቅላት ይነካል እየተባልን ፈርተናል።

መልስ፦ ወንድሜ የሰማኸው ወሬ እውነት ነው፣ ግን የሌላ መድኃኒት ወሬ ነው። እሱ ኢንተርፌሮን ነው። በሳምንት አንዴ ሆድህ ላይ ትወጋለህ፣ ከሱ ጋር ሪባቪሪን የሚባል ኪኒን ጠዋት ማታ፣ ለኔ የቫይረስ አይነት 48 ሳምንት። ያኔ ታክሲ ነበር የምነዳው፣ አርብ ማታ እወጋና ጋቢ ላይ ብርድ ልብስ ደርቤ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ ያነጋልኛል፣ ቅዳሜና እሁድ ተኝቼ ሰኞ መሪ እይዛለሁ። ሪባቪሪኑ ቀይ የደም ሴል ስለሚያፈርስ ደሜ ወርዶ አንድ ፎቅ ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል። ፀጉሬም ሳሳ፣ ግን ከሁሉ የከፋው ፀባዬ ነበር፣ እንጀራው ቀዘቀዘ ብዬ ሚስቴ ላይ ጮኬ ከዛ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ያለቀስኩበት ቀን አለ፣ ሰውየው እኔ አልነበርኩም። ያን ሁሉ አልፌ ቫይረሱ ከደሜ ጠፋ ተባለ፣ መርፌውን ካቆምኩ ጥቂት ወር ሳይሞላ ተመልሶ መጣ።

የባለቤትህ በቀን አንድ ኪኒን ነው፣ ብዙውን ጊዜ 12 ሳምንት። ሊመጣ የሚችለው ራስ ምታት፣ ድካም፣ ትንሽ ማቅለሽለሽ ነው፣ ብዙ ሰው ምንም ሳይሰማው ይጨርሳል። እኔ በ2016 የወሰድኩት የዚሁ ዘመድ ነው፣ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንት ከምሳ በኋላ ግንባሬን ይይዘኝ ነበር፣ በቃ። የመዳን እድሉ ከ95 በመቶ በላይ ነው። ሪባቪሪን ግን ዛሬም አልጠፋም፣ ጉበቱ በጣም ለተዳከመ ሰው ይጨመራል፣ እና ፅንስ ስለሚጎዳ ባልም ሚስትም እርግዝናን መከላከል አለባቸው፣ ካቆሙም በኋላ ለወራት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኪኒኑ በ2013 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ወጥቶ ነበር አይደል? ለምን እስከ 2016 ቆዩ?

መልስ፦ 84 ሺህ ዶላር ነበራ! አንዷ ፍሬ አንድ ሺህ ዶላር። ኢንሹራንሱ «ጉበትህ ላይ ያለው ጠባሳ ገና ነው» ብሎ መለሰኝ፣ ደህና እስክትታመም ጠብቅ እንደማለት ነው። ደግሞ የኔው ቫይረስ አይነት 4 ነው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በብዛት የሚታየው፣ ለሱ ያለ መርፌ የሚሆነው ኪኒን እዚህ የተፈቀደው ከሌሎቹ ዘግይቶ ነው። አሁን ህንድ የሚመረተው ስላለ ዋጋው እንደዛ አይደለም።

ጥያቄ፦ እናቴ የጨጓራ መድኃኒት ትወስዳለች፣ ከጉበቱ ኪኒን ጋር ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፣ ጥሩ ጥያቄ። ሌዲፓስቪር ወይ ቬልፓታስቪር ያለበት ኪኒን በደንብ እንዲመጠጥ የጨጓራ አሲድ ይፈልጋል፣ ኦሜፕራዞል ደግሞ አሲዱን ይቀንሰዋል። ሐኪሟ ሳያውቅ አብራ እንዳትውጥ። የቲቢው ሪፋምፒሲን፣ የሚጥል በሽታው ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን የኪኒኑን ጉልበት ይገድሉታል። የኤችአይቪው ኢፋቪሬንዝ ከቬልፓታስቪር ጋር አይሄድም። አሚዮዳሮን የሚባለው የልብ መድኃኒት ከሶፎስቡቪር ጋር ሲገናኝ የልብ ምትን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊያዘገይ ይችላል።

አንድ ቀን ለአንዲት እናት ሳስተረጉም ሐኪሙ ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ አላቸው፣ «ምንም የለኝም ልጄ» አሉ። ልንወጣ ስንል መነፅራቸውን ሊፈልጉ ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ በፌስታል የተቋጠረ ኦሜፕራዞል፣ ስሙ የጠፋ ማስታገሻ፣ እና በማር የተለወሰ ነገር በጠርሙስ፣ አገር ቤት ለወፍ በሽታ ፍቱን ነው ተብሎ የተላከላቸው። አልዋሹም እኮ! ለሳቸው መድኃኒት ማለት ለዚህ በሽታ ሐኪም የጻፈው ብቻ ነው። ከዛ ቀን ጀምሮ «ምን ይውጣሉ፣ ምን ይጠጣሉ፣ ከአገር ቤትስ ምን መጣልዎት» ብዬ ነው የማስተረጉመው። ያ በማር የተለወሰው ነገር ምን እንዳለበት ማንም አያውቅም፣ የደከመ ጉበት ላይ አዲስ ጉዳት የሚጨምር ቅጠል አለ።

ጥያቄ፦ ታክሜ ድነሻል ተብያለሁ። ለአረብ አገር ጉዞ ሜዲካል ስሰራ ግን አሁንም ፖዘቲቭ አሉኝ፣ ተመለሰብኝ ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ፣ ወይም ቢያንስ ያ ምርመራ እሱን አይናገርም። እነሱ የሚያዩት አንቲቦዲውን ነው፣ ሰውነትሽ ከቫይረሱ ጋር የታገለበትን ምልክት፣ ቫይረሱ ቢጠፋም እሱ ይቀራል። ቫይረሱ ራሱ መኖር አለመኖሩን የሚያሳየው ፒሲአር ነው፣ መድኃኒቱ ካለቀ ከ12 ሳምንት በኋላ ተሰርቶ ካልተገኘ ድነሻል። የፒሲአሩን ወረቀት ያዢ፣ ግን አንቀበልም ብለው የሚመልሱት ሰው አለ፣ እና ለደላላ ብር ከመክፈልሽ በፊት አጣሪ። እንደገና መያዝ ግን ይቻላል፣ ክትባትም የለውም፣ ስለዚህ ምላጭና መርፌ ላይ ተጠንቀቂ።

ጥያቄ፦ ሄፓታይተስ ቢም ሲም አለብኝ።

መልስ፦ ሲን ማከም ስትጀምር ተኝቶ የነበረው ቢ ሊነሳ ይችላል፣ ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። ስለ ቢው ሐኪምህ ካላነሳ አንተ አንሳው።

ጥያቄ፦ አንድ ትሪ መብላት፣ ጉርሻ?

መልስ፦ ብሉ፣ ተጎራረሱ። በደም ነው የሚተላለፈው።

ጥያቄ፦ ከዳንኩ ዓመት አለፈኝ፣ ድካሙ ግን አለቀቀኝም። አልዳንኩም ይሆን?

መልስ፦ ብዙ ሰው ይቀልለዋል፣ ሁሉም ግን አይደለም። ለኔ ያ ከሰዓት በኋላ የሚመጣው የጭንቅላት ጭጋግ ተነሳልኝ፣ እንቅልፌ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ደም ማነስህን፣ ታይሮይድህን (በተለይ ኢንተርፌሮን ወስደህ ከነበረ) አስመርምር፣ መከፋትም ካለ ደብቀህ አትያዘው። ስኳር ካለብህ ከህክምናው ወዲህ ስኳርህ ሊወርድ ስለሚችል የድሮው መጠን ሊበዛብህ ይችላል። ሲሮሲስ (ጉበት በጠባሳ ሲሞላ) ደርሶብህ ከነበረ ደግሞ ብትድንም በየ6 ወሩ አልትራሳውንዱ አይቀርም፣ ካንሰሩን በጊዜ ለመያዝ ነው።

ጥያቄ፦ ፆም ላይ ነኝ፣ በባዶ ሆድ ይዋጣል?

መልስ፦ ቬልፓታስቪር ያለበት በባዶም በምግብም ይሆናል። ግሌካፕሬቪርና ፒብሬንታስቪር ከሆነ ግን (በቀን አንዴ ሦስት ፍሬ ነው) ከምግብ ጋር ነው፣ በምትፈቺበት ሰዓት በየቀኑ ውሰጂው። ለፆም ተብሎ ቀን አይዘለልም።

ጥያቄ፦ መጠጥ ትቻለሁ፣ ቡናም ልተው?

መልስ፦ አረቄና ጠላውን በመተውሽ ጎበዝ። ቡና ግን ጠላትሽ አይደለም፣ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ጉበት ላይ ጠባሳ አነስ ብሎ እንደሚገኝ በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል። ሐኪሜ ይህን ሲነግረኝ ቃል በቃል ለባለቤቴ አስተረጎምኩላት፣ ሦስተኛው ላይ በረካ ስላት እስካሁን «ሐኪምህ ነው ያዘዘህ?» ትለኛለች።