ለአጭር ሥልጠና ቪዛ ለምታወጡ፦ ጥያቄያችሁና መልሴ

ቱሉ ዲምቱ ነው የምኖረው። ሥራዬ ለሥልጠና ውጭ አገር የሚሄዱ ባልደረቦችን ወረቀት ማዘጋጀት ነው። ሰሞኑን ከኮዬ ፈጬም ከገላንም ጥያቄው ስለበዛ አንድ ላይ ልመልስ። አብዛኞቻችሁ የምትሄዱት አውሮፓ ስለሆነ የማወራው ስለ ሼንገን ቪዛ ነው፣ በአንድ ቪዛ ብዙ የአውሮፓ አገሮች ስለሚያስገባው።

ጥያቄ፦ ጀርመን የሁለት ሳምንት ሥልጠና አግኝቻለሁ። መቼ ላመልክት? (ከኮዬ ፈጬ)

መልስ፦ ግብዣው እጅሽ በገባ ማግስት። ከጉዞው 6 ወር በፊት ጀምሮ ማመልከት ይቻላል። በ15 ቀን ያልቃል የሚሉሽን አትስሚ፣ የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 2016 ዓ.ም. ላይ ለኢትዮጵያውያን ጊዜውን ወደ 45 ቀን አሳድጎታል፣ በዚያው ውሳኔ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ቪዛም ቀርቶብናል። ቀጠሮ እስክታገኚ የምትጠብቂውንም ጨምሪበት። አዘጋጆቹ «ደብዳቤውን በቅርቡ እንልካለን» እያሉ ሲጎትቱ 45 ቀኑን ነግረሽ ወጥሪያቸው። ብዙዎቹ ይህን አያውቁም።

ጥያቄ፦ ክፍያው ስንት ነው? ከተከለከልኩስ ይመለሳል?

መልስ፦ ለአዋቂ 90 ዩሮ። አይመለስም። ማመልከቻ የሚቀበለው ድርጅት የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምርበታል።

ጥያቄ፦ ሂሳቤ ውስጥ ብዙ ብር የለም። ከአጎቴ ተበድሬ ላስገባ?

መልስ፦ ተው ወንድሜ። የሚታየው የመጨረሻው ቁጥር ብቻ አይደለም፣ ብሩ እንዴት ገብቶ እንዴት እንደወጣም ይታያል። በየወሩ ደሞዝ ብቻ ሲገባበት የኖረ ደብተር ላይ ባለፈው ሐሙስ 400 ሺህ ብር ዱብ ካለ፣ ከየት መጣ መባሉ አይቀርም። ወጪህን አዘጋጁ የሚሸፍን ከሆነ ጉልበትህን እዚያ ደብዳቤ ላይ አውል። «ወጪውን እንሸፍናለን» ብቻ አይበቃም። ትኬት፣ ማደሪያ፣ ምግብ፣ የኪስ ገንዘብ፣ ኢንሹራንስ ተብሎ አንድ በአንድ ይጻፍልህ።

ጥያቄ፦ የመሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ምን ይበል? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። የሥራ መደብሽ፣ የተቀጠርሽበት ቀን፣ ደሞዝሽ፣ ፈቃድ እንደተሰጠሽ፣ ስትመለሺ ሥራሽ እንደሚጠብቅሽ ይኑርበት። ሥልጠናው ለሥራሽ ምን እንደሚጠቅም አንድ ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨመርበት። ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠሪ ከሆነ የትኛውን መሣሪያ ልትማሪ እንደሆነ ይጻፍ፣ «አቅም ለመገንባት» የሚለው የቢሮ ቋንቋ ለማንም ምንም አይነግርም።

ከዚያ ቀኑ። ባለፈው ያየሁት አንድ ደብዳቤ «ፈቃዱ ከ05/02/2018 እስከ 19/02/2018» ይላል። ለእኛ ጥቅምት ነው። በፈረንጆቹ ለሚያነብ ግን ፌብሩዋሪ 2018፣ ያለፈ ጉዳይ! ግብዣው ደግሞ ኦክቶበር 2025 ይላል። ትክክለኛው ከኦክቶበር 15 እስከ 29፣ 2025 ነበር። ወሩን በፊደል፣ ዓመቱን በፈረንጆቹ አጽፊ። ግብዣው፣ ፈቃዱ፣ ኢንሹራንሱ፣ የአውሮፕላን ቦታ ማስያዣው አንድ ዓይነት ቀን መናገር አለባቸው።

ጥያቄ፦ ግብዣው ላይ የአያቴ ስም የለም፣ ፓስፖርቴ ላይ ግን አለ።

መልስ፦ አስቀይሪው። እንደ ፓስፖርቱ፣ ፊደል በፊደል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ አንድ ደላላ «ኤምባሲ ሰው አለኝ፣ እጨርስልዎታለሁ» አለኝ። ልመነው? (ከሰበታ)

መልስ፦ ጋሼ፣ ብርዎን ይያዙ። ማንም የለውም። እሱ የሚሠራልዎ የሐሰት የባንክ ወረቀት ከተገኘ እሱ ስልኩን ያጠፋል፣ እርስዎ ግን መዝገብ ላይ ይቀራሉ። ማመልከቻው ከነአሻራው በሼንገን አገሮች የጋራ መዝገብ ለ5 ዓመት ይቆያል፣ አንዱ አገር ያየውን ሌላውም ያየዋል።

ጥያቄ፦ ኢንሹራንሱና ፓስፖርቱስ?

መልስ፦ ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን፣ በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚሠራ። ፓስፖርቱ ከመመለሻ ቀንህ በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቆይ፣ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው።

ጥያቄ፦ ሥልጠናዬ ብራዚል ነው፣ ትኬቱ ግን በፍራንክፈርት ነው። ከኤርፖርት ካልወጣሁ ችግር የለውም አይደል?

መልስ፦ አለው። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ያስፈልጋል። አዘጋጆቹ ርካሹን ትኬት ይቆርጡና ጣጣው ላንተ ይተርፋል። የራሳችን አየር መንገድ ሳኦ ፓውሎ ስለሚበር መስመሩን ቀይሩልኝ በላቸው።

ጥያቄ፦ ተከለከልኩ። «የመመለስ ፍላጎትህ ያጠራጥራል» ይላል። (ከጀሞ)

መልስ፦ እንደገና ማመልከት ይቻላል፣ ግን ያንኑ ወረቀት ይዞ መሄድ 90 ዩሮ መጣል ነው። ምን እንደጎደለ እይ። የጋብቻና የልጆች የልደት ወረቀት አስገብተህ ነበር? የቤት ካርታ ወይም ንግድ ፈቃድ ካለህስ? ይግባኝ ማለት ከፈለግህ የጊዜ ገደቡ እዚያው ደብዳቤ ላይ አለ፣ ሥልጠናው ሳያልፍ መድረሱን ግን አስላ።

ጥያቄ፦ ቀጠሮዬ ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ነው። ከገላን ስንት ሰዓት ልነሳ?

መልስ፦ 11 ሰዓት። የቃሊቲን መንገድ ታውቂው የለ። ኮፒውንም ማታ ጨርሺ፣ እዚያ አካባቢ አገኛለሁ ብለሽ መብራት ከጠፋ ጉድ ነው የሚፈላው።